ሚሌ ወይስ ሜላ

ማዕዶት የገዛ እህቷን «ተሳስተዋል» ብላ ስልኩን ዘጋችባት። ቁርስ ላይ ነበሩ። እናቷ ወይዘሮ ዘቢደር ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀምጠው ዳቦ በሻይ እየነከሩ ይበሉ ነበር። የደወለችው ሴት ከማይታወቅ ቁጥር ነበር የደወለችው። «እኔ ነኝ፣ እንዴት አደርሽ?» አለች። ማዕዶት ድምፁን ልትለየው ሞከረች፤ የሴት ድምፅ መሆኑን እንጂ የማን መሆኑን ልታውቀው አልቻለችም። «ማን ልበል?» ስትል ሴትዮዋ ሳቀችና «እኔ ነኛ!» አለቻት። ያኔ ነው ደንግጣ የዘጋችው። ትንሽ ቆይቶ የእናትየው ስልክ ጮኸ። ከሐዋሳ ውቢት ናት፤ የማዕዶት ታላቅ እህት፤ ቁጥር ቀይራ ነው። ወይዘሮ ዘቢደር «አዎ… እዚሁ ናት… እንጃ ልጄ፣ እኔ ምን አውቃለሁ» ብለው በአጭሩ መለሱና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍተው አስቀመጡት።

«እህትሽ ናት እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች ማዕዶት። አላወቅኳትም ከማለት ያ ይቀል ነበር። አብረሽ ያደግሻትን፣ በአንድ አልጋ የተኛሻትን እህት ድምፅ እንዴት አላወቅሽም ብትባል መልስ የላትም። እናትየው ልጆቻቸው የተጣሉ መሰላቸው፤ ግን አልጠየቁም። በዚያ ቤት የከበደ ነገር ሲመጣ ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል። «ሙዝ እንኳ ተወደደ» አሉ ወይዘሮ ዘቢደር ወደ መስኮቱ ዞረው። «ከምዕራብ ዓባያ በመኪና እየጫኑ አዲስ አበባ ወስደው ጨረሱት። የደጃችንን ሙዝ ለእኛ እንደ ብርቱካን ሊሸጡልን ነው።» ማዕዶት አዎ አለች። ሴቻ በተባለው የከተማው ላይኛ ሰፈር ያለው ይህ ቤት አባቷ አቶ ሀብተጊዮርጊስ በደርግ ጊዜ ከደብረ ታቦር ተዛውረው የክፍለ ሀገሩ ፋይናንስ ቢሮ ሲገቡ የሠሩት ነው። እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። ሳሎኑ ሰፊ፣ ወንበሮቹ ከባድ ናቸው፤ ከመስኮቱ ማዶ ገደሉ ቁልቁል ይወርድና ጫካው፣ ከጫካው ወዲያ ሁለቱ ሐይቆች ይታያሉ። የዚያን ቀን ግን መጋቢት አጋማሽ ነበርና ደመና ሸፍኗቸዋል።

ግቢው ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል የተከራየው ዘሚካኤል የሚባል ወጣት ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያስተምራል፤ ማስተርሱንም እዚያው ይሠራል። ማዕዶት ስትወጣ የግቢው ቧንቧ ጋ ጥርሱን ይፍቅ ነበር። ባለፈው ሳምንት ለጥናቱ አዋቂ ሰዎች እፈልጋለሁ፣ ማንበብ የሚያስቸግራቸው ካሉ ብሎ ጠይቋት ነበር። እንዴት እንዳወቀባት ባታውቅም ሄደች። በአንዲት ጠባብ ክፍል አስቀምጦ የጆሮ ማዳመጫ አደረገላት። መጀመሪያ በጸጥታ፣ ቀጥሎ ከኋላው ብዙ ሰው እንደሚያወራ ዓይነት ጫጫታ እየጨመረ ቃላት አሰማት፤ «መጣ» ነው «መታ»? «ጠፋ» ነው «ተፋ»? በጸጥታው ላይ ብዙ አልተቸገረችም። ጫጫታው ሲመጣ ግን ቃላቱ እንደ ረጠበ ወረቀት ተጣበቁባት፤ ከሁለቱ የመልስ ቁልፎች አንዱን እየገመተች ትጫን ጀመር። ሕፃን ሳለች «ልጁ መጣ» ብሎ መምህሩ ሲያስጽፋቸው «ልጁ መታ» ብላ ጽፋ ክፍሉ ሁሉ የሳቀባት ትዝ አላት።

«ውጤቱን ላሳይሽ ፈልጌ ነበር» አላት አሁን አፉን ተጉመጥምጦ። ፊቷን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማዕዶት፣ ጆሮሽ ጤነኛ ነው። ይህን ሆስፒታልም ነግረውሻል። ጆሮ የሰማውን የሚለየው አእምሮ ነው። ውጭ አገር ሰው ጭንቅላት ላይ ሽቦ እየለጠፉ ሲለኩት፣ ማንበብ የሚያስቸግራቸው ብዙዎቹ ሰዎች አእምሯቸው ተቀራራቢ ድምፆችን የሚለየው ደከም ብሎ ወይ ዘግየት ብሎ ነው። ሌላ ደግሞ አለ። አንድ ድምፅ ሲደጋገም የሌላው ሰው አእምሮ ይለምደውና ያርፋል። የእነሱ ግን በየጊዜው እንደ አዲስ ነው የሚቀበለው። ስለዚህ ይደክማል። የሰው ድምፅ መለየትም ያስቸግራቸዋል።»

«እብደት ነው?»

«ኧረ በፍጹም! ብልህነትሽን የሚነካ ነገር የለውም። አፈጣጠር ነው። ዲስሌክሲያ ይሉታል።»

ቃሉን በውስጧ ልትይዘው ሞከረች፤ ገና ሳይጨርስ ከእጇ አመለጣት። «ይድናል?» አለች።

«መላ ይበጅለታል እንጂ… » ዘሚካኤል ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣለ። «ግን አንቺ አሁን ስልክ ላይ ነሽ አይደል? ለአለቃሽ ብትነግሪው ጥሩ ነው። ስልክ ለአንቺ ዓይነት ሰው ከሁሉ የከፋ ነው። የሰውየው ከንፈር አይታይሽም፣ መስመሩ ይንሿሿል…»

«እነግረዋለሁ» አለችና ወጣች። ላለመንገር ግን ቧንቧው አጠገብ ቆማ ሳለ ወስና ነበር።

ከሴቻ ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ይህንኑ ታሰላስል ነበር። ረዳቱ የሚጣራውን፣ ተሳፋሪው የሚያወራውን ትሰማለች፤ ሁሉም ያው የሰው ንግግር ነው። አሁን ግን በእያንዳንዱ ቃል ስር ሌላ ቃል የተደበቀ መሰላት። «ወራጅ» ነው ያለው? እስከ ትናንት ድረስ ሰነፍ ነኝ፣ ፈዛዛ ነኝ ብላ ትኖር ነበር፤ ያ ክፉ ቢሆንም ይታወቃል። የዛሬው ግን አስፈራት። ሰው ዓይኑ ቢደክም መነጽር ያደርጋል። የሰማሁትን እርግጠኛ አይደለሁም ብሎ ማንን ይጠይቃል? በምትሠራበት ጤና ጣቢያ ለዓመታት የተቀመጠችው እንግዳ መቀበያው ላይ ነበር። በሽተኛው ፊት ለፊቷ ይቆማል፤ አፉን እያየች፣ ሕመሙን በእጁ ሲያመለክት እያየች ተግባብታ ኖራለች። ከሁለት ወር በፊት ለአካባቢው ቀበሌዎች የሚያገለግል አምቡላንስ መጣና የጥሪ ክፍል ተከፈተ። አለቃዋ አቶ ኃይለመስቀል «አንቺ ትሑት ነሽ፣ አትቆጪም፤ ለስልክ አንቺ ነሽ» አሉ። እንደ ሹመት ነው የተነገራት። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ አላት። እምቢ የምትልበት ምክንያት ምን ብላ ትናገር?

የጥሪ ክፍሉ ቀድሞ ዕቃ ማስቀመጫ የነበረ፣ ጣሪያው ያለ ኮርኒስ ቆርቆሮ የሆነ ጠባብ ክፍል ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ማንም እናት በወሊድ ምክንያት አትሞትም የሚል ፖስተር። ቢሮ ስትገባ ዝናቡ ጀመረ። አዋላጅ ነርሷ ሊሻንና ሾፌሩ ጉታ በረንዳው ላይ ቆመው አምቡላንሱን እያዩ ስለ ጭቃ ያወሩ ነበር፤ ሊሻን የጨንቻ ልጅ ናት፣ ጉታ የቦረና ሰው ነው፤ ሁለቱም አማርኛቸውን እንደየአገራቸው ያዜሙታል። ማዕዶት ሁለቱንም ትወዳቸዋለች። ሲያወሩ ፊታቸው ሁሉ ያወራል። ዝናቡ በረታ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጠጠር እንደሚደፋ መኪና ሆነ። የዚያን ጊዜ ነው ስልኩ የጮኸው።

«አሎ! አሎ! አምቡላንስ ነው?»

«አዎ፣ ጤና ጣቢያ ነው። ምን ገጠማችሁ?»

«ሚስቴ ወለደ! ልጁ ደህና ነው። ደሙ እምቢ አለ! አይቆምም!»

ወንድ ነው፣ ይጮሃል፣ ከእሱም ወገን የሴቶች ድምፅ አለ፣ ምናልባትም ዝናብ። ማዕዶት አንዱን ጆሮዋን በጣቷ ደፈነች። «የት ነው ያላችሁት? የቀበሌውን ስም ንገረኝ!» ሰውየው ነገራት። ቃሉ መጣ፤ መጀመሪያው ላይ እንደ ፉጨት ያለ ነገር፣ መጨረሻው ላይ «ሚ» ወይም «ሜ»፣ ከዚያ «ል» ያለበት ነገር። «እ? ድገመው!» ደገመው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አልተሻለም፤ እንደ አዲስ ነበር የመጣው። በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ ከጫኖ ሚሌ ተደውሎ ስለነበር አፏ ላይ የመጣው እሱ ነበር። «ጫኖ ሚሌ?» አለች። «አዎ! አዎ! ቶሎ ና!» አለ ሰውየው። መስመሩ ተቋረጠ።

ወደ በረንዳው ወጥታ ነገረቻቸው። ጉታ ሞተሩን አስነሳ፤ ሊሻን የግሉኮስና የመርፌውን ቦርሳ አንስታ ዘላ ገባች። አምቡላንሱ ከግቢው ወጥቶ ወደ ሰሜን፣ በአየር ማረፊያው በኩል ወደ ላንቴ በሚወስደው መንገድ ታጠፈ። ሳይረኑ እየራቀ ሄደ። ማዕዶት ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። የደቡብ አገር ዝናብ እንደሚያደርገው ሁሉ ዝናቡ በድንገት ቀጥ አለ፤ ጸጥታው ሲመጣ ፍርሃቱም አብሮ መጣ።

ሸሌ ሜላ የሚባል ቀበሌ አለ። በሌላኛው አቅጣጫ፣ በኮንሶ መንገድ፣ ከሲሌ ወንዝ ወዲያ። ሸሌ ሜላ። ጫኖ ሚሌ። በቀስታ፣ በከንፈሯ ብቻ አለቻቸው። ያ መጀመሪያው ላይ የነበረው ፉጨት «ሸ» ነበር «ጫ»? ሰውየው ያለውን መልሳ ልትሰማው ዓይኗን ጨፈነች፤ ድምፁ የለም፤ የቀረው እሷ ራሷ «ጫኖ ሚሌ?» ያለችው ነው። «አዎ» ብሏል። አዎ ማለቱ ግን ምን ያረጋግጣል? ሚስቱ ደም እየፈሰሳት ያለ ሰው፣ አማርኛ የተዋሰው ቋንቋ የሆነ ሰው፣ አምቡላንሱ እንዲላክለት ምንም ብትለው አዎ ይላል። ሚሌ፣ ሜላ፣ ሚሌ፣ ሜላ፤ በደጋገመቻቸው ቁጥር አንድ እየሆኑባት ሄዱ። ሰውየው ወደ ደወለበት ቁጥር ደወለች። የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም አላት የተቀዳው ድምፅ። ያን ድምፅ ብቻ ነው በዓለም ላይ በእርግጠኝነት የምትለየው።

ጉታን ጠርታ ተመለስ ልትለው ስልኩን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። መጀመሪያ የሰማችው ትክክል ቢሆንስ? እዚያ ጫኖ ሚሌ በሙዝ እርሻው መሀል ያች ሴት አምቡላንሱን እየጠበቀች ቢሆንስ? ከደጃፏ ብትመልሰውስ? ትክክል ከሆነች መመለሱ ይገድላል፤ ከተሳሳተች አለመመለሱ ይገድላል። የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው የራሷ ጭንቅላት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አይነግራትም። ተነስታ የአቶ ኃይለመስቀል ቢሮ በር ድረስ ሄደች። እጀታውን ያዘች። ምን ልትል? የሰማሁትን አላውቅም? ይህን ያለች ሴት ማን ያምናታል፤ ነገ ማን ሥራ ይሰጣታል? በሩ ወዲያ እሳቸው በስልክ ስለ ነዳጅ ኮታ ከወረዳው ሰው ጋር ይከራከራሉ። እጀታው እጇ ውስጥ ሞቀ። ለቀቀችውና ተመለሰች። በኋላ፣ ያን ቀን ሁሉ ካለፈ በኋላ እንኳ፣ ከሁሉ የሚያሳፍራት ያ ነበር፤ እጀታውን ይዛ መመለሷ።

የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ። ሊሻን ናት፤ ማን መሆኗን ያወቀችው ከጉታ ሞተር ድምፅና «ማዕዶትዬ» ከማለቷ ነው።

«ጫኖ ሚሌ ገብተናል። ጤና ኬላው ዝግ ነው። ያገኘነውን ሁሉ ጠየቅን፤ ዛሬ የወለደ ሰው የለም እያሉን ነው። የአባወራው ስም ማነው?»

«አልጠየቅኩትም።»

«ወደ ውስጥ ገብተን እንፈልግ?»

ማዕዶት መልስ ሳትሰጥ አቶ ኃይለመስቀል በሩ ላይ ቆመው አየቻቸው። የነዳጁን ክርክር ጨርሰው ወጥተው ነው። ጎልማሳ፣ ልብሳቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ከጎጃም መጥተው እዚሁ ያረጁ ሰው ናቸው። «ምንድን ነው?» አሉ። ስልኩን በደረቷ ያዘችው።

«አምቡላንሱን ጫኖ ሚሌ ልኬዋለሁ፤ ሰውየው ያለው ግን ሸሌ ሜላም ሊሆን ይችላል» አለች።

«ሊሆን ይችላል ማለት ምን ማለት ነው? ሰውየው ሲናገር ሰምተሻል ወይስ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ።» አለች። «ግን የሰማሁትን አላውቀውም። በሽታ አይደለም ጋሼ። ጆሮዬ ደህና ነው። ተቀራራቢ ድምፅ ጫጫታ ካለ አይለይልኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ዛሬ ነው ስሙን የነገሩኝ። ጫኖ ሚሌም፣ ሸሌ ሜላም… እኔ ዘንድ አንድ ናቸው።»

አቶ ኃይለመስቀል ፊታቸው ያለች ልጅ ስታብድ ያዩ ያህል አፍጥጠው አዩዋት። ከስልኩ ውስጥ ሊሻን «አሎ? ምን እናድርግ?» ትላለች። በዚህ መሀል የማዕዶት ሌላው ስልክ፣ የጠረጴዛው ሲያዝ ጥሪ የሚዞርበት የራሷ ሞባይል፣ ቅድም ደውላበት ከነበረው የተለየ ቁጥር አምጥቶ ጮኸ። አነሳችው። ወንድ ነው። ይጮሃል። «የታለ አምቡላንስ? ሚስቴ እየሞተ ነው!» ያው ሰው ይሁን ሌላ ሰው አታውቅም። ሌላ ከሆነ ሁለት ሴቶች ናቸው የሚሞቱት። የቀበሌውን ስም ልትጠይቀው አፏን ስትከፍት ስሙ እንደማይረዳት አወቀች፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን መቶ ጊዜ ቢነግራትም።

«ስማኝ! ስምህን ንገረኝ።»

«ማቴዎስ! ማቴዎስ ነው!»

«ማቴዎስ፣ ቅድም የደወልከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ! ስልኩ ባትሪ ጨረሰ፣ የጎረቤት ነው ይሄ። ስንት ጊዜ ልንገርህ!»

«ወደ ከተማ ስትመጡ በየት ነው የምትመጡት? አየር ማረፊያውን ታልፋላችሁ?»

«አየር ማረፊያ ምን አለ እኛ ጋ?» ሰውየው ሊያለቅስ ነበር። «በኮንሶ መንገድ ነው! ሲሌን ተሻግሮ! ኮንሶ መንገድ!»

ማዕዶት የጠረጴዛውን ስልክ ወደ አፏ አስጠግታ «ሊሻን፣ ተመለሱ። ሸሌ ሜላ ነው። ማቴዎስ በሉ፣ የማቴዎስ ሚስት» አለች። ከሊሻን የመጣው ድምፅ ቃል አልነበረም። ከዚያ ጉታ ማርሹን ሲለውጥ ተሰማ። አቶ ኃይለመስቀል ሞባይሉን ከእጇ ወስደው ለሰውየው በቀስታ፣ አንድ በአንድ ተናገሩት፤ ሴትዮዋን በጀርባዋ አስተኟት፣ እግሯን ከፍ አድርጉት፣ ልጁን ጡት አስይዙት፣ ሆዷን ከእምብርቷ በታች አጥብቃችሁ እሹት። አሥር ጊዜ ደጋገሙት። ሲጨርሱ ሞባይሉን መለሱላት።

አምቡላንሱ ከተማውን ሲያቋርጥ በጤና ጣቢያው ደጃፍ አለፈ። ሳይረኑን ከሩቅ ሰምታ ወደ በሩ ወጣች፤ ጉታ አልቆመም፣ ወደ እሷም አላየም፤ ጎማው የቀይ አፈር ጭቃ እስከ መስኮቱ ረጭቶት ነበር። ከዚያ መጠበቅ ብቻ ሆነ። ሰዎች ከፋርማሲውና ከክትባት ክፍሉ እየመጡ ምን ተፈጠረ ይላሉ፤ አቶ ኃይለመስቀል ለሁሉም አንድ መልስ ሰጡ። «ኔትወርክ ነው። መስመሩ ተቆራርጦባት ነው።» ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፤ ኔትወርኩን ያልረገመ አልነበረም። አንዲት ነርስ ማዕዶትን ትከሻዋን ይዛ «አይዞሽ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም» አለቻት። ምሳ አልበላችም። ከሰዓት በኋላ ሊሻን ደወለች፤ ለሴትዮዋ ደርሰውላታል፤ ነፍሷ አለች፤ መርፌ ሰጥተው፣ ግሉኮስ ተክለው ሆስፒታል አስገብተዋታል፤ ደም እየተፈለገላት ነው፤ ወደ ቀዶ ሕክምና ገብታለች። ድምፅዋ የደከመና የራቀ ነበር። «ማዕዶትዬ» አላለችም።

ሲመሽ አቶ ኃይለመስቀል ቢሮአቸው አስገብተው በሩን ዘጉ። «ስሚኝ» አሉ። «ያልሽኝን አልሰማሁም። ለማንም አትናገሪው። ይህ ነገር ከተነሳ አንቺም ትጠየቂያለሽ፣ አንቺን ያስቀመጥኩ እኔም እጠየቃለሁ። ኔትወርክ ነው፤ አለቀ። ሌላ ሰው እስኪመደብ ድረስ ወንበሩ ላይ አንቺው ነሽ። ተጠንቅቀሽ ሥሪ፤ ደጋግመሽ ጠይቂ።» ክፉ ሰው አልነበሩም። ሊያድኗት ነበር የፈለጉት። ማዕዶት እሺም እምቢም ሳትል ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

ሆስፒታሉ በእግር የሚደረስ ነበርና በእግሯ ሄደች። ወደ ቤት እሄዳለሁ ብላ ነበር የተነሳችው፤ እግሯ ወደዚያ ወሰዳት። ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ውጭ ባለው አግዳሚ ላይ ጭቃ የነካው ሱሪ የለበሰ፣ ገና ወጣት የሆነ ሰው ተቀምጦ ነበር፤ ከጎኑ አንዲት ሽማግሌ ሴት በጥጥ ጋቢ የተጠቀለለ ሕፃን ታቅፈዋል። ፊቱን አይታው አታውቅም። ሲናገር ሰማችው፤ ድምፁንም አላወቀችውም። ማቴዎስ መሆኑን ያወቀችው አንዲት ነርስ በስሙ ስትጠራው ነው። ነርሷ ነገረችው፤ ሚስቱ ትተርፋለች፤ ደሙ ግን አልቆም ስላለ ማህፀኗን አውጥተዋል፤ ሌላ ልጅ አትወልድም። ማቴዎስ ራሱን ነቀነቀ፤ ነርሷ ከሄደች በኋላም እየነቀነቀ ቀረ። ማዕዶት ፊቱ ቆመች።

«እኔ ነኝ ስልኩን ያነሳሁት» አለችው።

ቀና ብሎ አያት። ሊነሳ ሞከረ፤ እጇን ያዘ። «እህቴ፣ አንተ ነህ? እግዜር ይስጥልኝ። ነርሱ ነግሮኛል። ኔትወርክ ነው አለኝ። ኔትወርክ እኛም ጋ መጥፎ ነው።»

እጇን ከእጁ ልታወጣ ፈለገች፤ አላወጣችም። ኮሪደሩ የበረኪና ሽታ ነበረው። በዚያች ቅጽበት ዝም ብላ «አዎ» ብትል ዓለም ሁሉ የሚተዋት መሰላት። «ኔትወርክ አይደለም» አለች። «ስሙን ሁለት ጊዜ ነግረኸኛል። እኔ ነኝ ያልለየሁት። አምቡላንሱን ወደ ሌላ አገር ላክሁት።» አላለቀሰችም፤ ለማልቀስ መብት ያላት አልመሰላትም። ማቴዎስ እጇን ለቀቀ። ሽማግሌዋ ሴት በጋሞኛ ምን አለች ብለው ጠየቁት። እሱ የማዕዶትን ጫማ ጫፍ ያይ ነበር። ሊመታት ይችል ነበር፤ ሊጮህ ይችል ነበር፤ እሷም ያንን ስትጠብቅ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ተሰብስቦ ነበር። በመጨረሻ ቀና አለ።

«ነገ ማነው ስልኩን የሚያነሳው?» አላት።

የጠየቀው ይህን ብቻ ነው። ማዕዶት ከአጠገቡ ሳትርቅ ሞባይሏን አውጥታ አቶ ኃይለመስቀል ጋ ደወለች። «ጋሼ፣ ነገ ስልኩን አላነሳም» አለች። «ሥራ ልትለቂ ነው?» አሉ እሳቸው። «አላውቅም። ብታባርሩኝም እሺ። ግን ስልኩን አላነሳም። ሊሻን ታንሳ፣ እርስዎ ያንሱ፣ ጋሞኛም የሚሰማ ሰው ይቀመጥ። መንገዱንና የሰውየውን ስም መጠየቅ አለበት፤ የቀበሌ ስም ብቻ አይበቃም። ነገ ጠዋት ይህን ለሁሉም እናገራለሁ፤ ኔትወርክ አልነበረም እላለሁ።» ስልኩ ተዘጋ፤ እሳቸው ይዝጉት ወይም ኔትወርኩ ይቁረጠው አላወቀችም። ማቴዎስ ወደ ሕፃኑ ዞሮ ነበር። ደህና ሁን ብላው ወጣች።

ቤት ስትደርስ ሐይቆቹ ላይ የነበረው ደመና ተገልጦ የመጨረሻው ብርሃን ነበር። ወይዘሮ ዘቢደር በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ፊቷን አይተው ምን ሆነሽ አሏት፤ የዚያን ቀን ግን ወሬውን ወደ ሌላ የሚያዞር ነገር አላገኘችም። ቆማ ነገረቻቸው። ስለ ዘሚካኤል ማዳመጫ፣ ስለ ሁለቱ ቀበሌዎች፣ ማህፀኗ ስለወጣው ሴት፣ ጠዋት ስላላወቀቻት እህቷ። እናትየው አላቋረጧትም። ስትጨርስ ነጠላቸውን ደጋግመው አስተካከሉ።

«አባትሽም እንዲሁ ነበር» አሉ።

ማዕዶት ያልሰማች መሰላት። በዚያ ቀን የሰማችውን ነገር ሁሉ ትጠራጠር ነበርና «እ?» አለች።

«ቢሮው ስልክ ሲጮህ ይወጣ ነበር። ያለ ጸሐፊ ስልክ አንስቶ አያውቅም። ደብዳቤ ሲመጣ ቤት ይዞት ይመጣል፣ እኔ አነብለታለሁ፣ ሁለቴ ሲሰማኝ በቃሉ ይይዘዋል። ጠዋት ስብሰባ ላይ እንደ ውሃ ያወርደዋል። ሰው ሁሉ ሀብተጊዮርጊስ ሊቅ ነው ይል ነበር።» ድምፃቸው አልተለወጠም። «ሲተኛ ግን ይወራጭ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ። ነገ ይይዙኛል እያለ።»

ማዕዶት በልጅነቷ እናቷ ንባብ ሲያስጠኗትና ስትሳሳት ሲቆነጥጧት አባቷ ሁልጊዜ ተነስተው ወደ ጓሮ ይወጡ እንደነበር አስታወሰች። አይወደኝም ብላ ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም?» አለች።

«አስምሎኛል።»

«ለእኔም እንዳትነግሪ?»

ወይዘሮ ዘቢደር ወደ ጎረቤቶቹ ግቢ አዩ፤ ከአጥሩ ወዲያ ሰው የሚያወራ ይሰማል። «አሁን ይህን ለአለቃሽ ነገርሽ?» አሉ በሹክሹክታ። «ለማታውቂውም ሰው?»

«ነገርኩ። ነገ ለሁሉም እነግራለሁ።»

«የአባትሽንም ስም ታነሺያለሽ?»

«የእሱን አላውቅም ነበር፣ እማዬ። የራሴን ነው የምናገረው።»

እናትየው ተነሱ። ግቢውን በፈጣን እርምጃ አቋርጠው ገና ሳይመሽ የውጭውን የቆርቆሮ በር መለሱት፤ መቀርቀሪያውንም ወረወሩት። ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ቆሙ፤ እንደዚያ ፈርተው አይታቸው አታውቅም። ማዕዶት በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ነገ ጠዋት ምን እንደሚጠብቃት አታውቅም።

«እማዬ፣ ክፈቺው» አለች። «ዘሚካኤል አልገባም።»